ያገለገሉ ላፕቶፖችን ፕሮሰሰር እንዴት እናወዳድር? ከሙሉ ቁጥሩ እስከ 15 ደቂቃው ፈተና

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ያገለገለ ላፕቶፕ ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «አይ5 ነው ወይስ አይ7?» ብሎ ነው። «አይ7» ከተባለ ዋጋው ይጨምራል፣ ገዢውም ይከፍላል። ቤቱ ገብቶ ሥራ ሲጀምርበት ግን ማሽኑ የጓደኛውን አይ5 መከተል ያቅተዋል። ሻጩ ላይዋሽ ይችላል፤ ጥያቄው ነው ያነሰው። አይ7-7500ዩ ሁለት ኮር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራውን የሚሠራ ክፍል) ብቻ ነው ያለው። ከእሱ ቀጥሎ በመጣው ጀነሬሽን (የፕሮሰሰር ትውልድ) ያለው አይ5-8250ዩ አራት ኮር አለው። ቪዲዮ ሲሠራም ሆነ ብዙ ፕሮግራም ሲከፈት አይ5ቱ አይ7ቱን ጥሎት ይሄዳል።

ሁለት ወይም ሦስት ላፕቶፕ ፊታችሁ ተደርድሮ የትኛውን እንደምታነሱ ሲቸግራችሁ ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተሉ ሥሩ። ወረቀት ላይ ማወዳደር ከማሽኑ ፈተና ይቀድማል፤ ፈተናው ደግሞ ከክፍያ ይቀድማል።

ከመሄዳችሁ በፊት

ፍላሽ ያዙ፤ 8 ጊጋ ይበቃል። የሚከተሉትን ጫኑበት፦

- ሲፒዩ-ዚ፣ ሳይጫን የሚሠራውን ዓይነት። የፕሮሰሰሩን ትክክለኛ ማንነት የሚያሳየውም፣ ጫና የሚሰጠውም ይኸው ነው።
- የሙቀት መለኪያ፤ ኮር ቴምፕ ወይም ኤችደብሊው ኢንፎ።
- የራሳችሁን የሥራ ፋይል። የኢንጂነሪንግ ተማሪ ከሆናችሁ ከበድ ያለ የአውቶካድ ሥዕል፣ የሰርግ ቪዲዮ የምትሠሩ ከሆነ በስልክ ወይም በካሜራ የተቀረጸ የ5 ደቂቃ ቪዲዮ፣ ሒሳብ የምትሠሩ ከሆነ ትልቁን የኤክሴል ፋይላችሁን።

ፍላሹ ከሱቅ ማሽን ሲመለስ ቫይረስ ይዞ ሊመለስ ይችላል። ሌላ ፋይል አታስቀምጡበት፤ ቤት ስትደርሱም የራሳችሁ ማሽን ላይ ከመክፈታችሁ በፊት ፎርማት አድርጉት።

ደብተርና እስክርቢቶ ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ማሽን አንድ ገጽ መድቡና እነዚህን ርዕሶች አስቀድማችሁ ጻፉ፦ ሙሉ ቁጥር፣ ኮር፣ ትሬድ (ፕሮሰሰሩ በአንድ ጊዜ የሚያስኬደው የሥራ መስመር)፣ መነሻ ፍጥነት፣ ከፍተኛ ፍጥነት፣ ዋት፣ ግራፊክስ፣ ራም፣ የፈተና ውጤት፣ ከ10 ደቂቃ ጫና በኋላ ያለ ፍጥነት፣ ከፍተኛ ሙቀት። ሦስተኛውን ማሽን ስታዩ የመጀመሪያውን ቁጥር በቃል አታስታውሱትም።

ለአንድ ማሽን ግማሽ ሰዓት ያህል መድቡ። ሻጩ ለፈተና ጊዜ ካልሰጣችሁ ያንን ማሽን ተዉት።

ደረጃ 1፦ ሙሉ ቁጥሩን አውጡ

«ኮር አይ5» የቤተሰብ ስም ነው። የምትፈልጉት ከሱ ቀጥሎ ያለውን ቁጥርና ፊደል ነው፤ ለምሳሌ አይ5-6300ዩ።

1. የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከኤክስ ፊደል ጋር ተጫኑ፤ ከሚወጣው ዝርዝር «ሲስተም» የሚለውን ክፈቱ። «ፕሮሰሰር» በሚለው መስመር ላይ ያለውን እንዳለ ገልብጡ፤ የመጨረሻዋን ፊደል እንዳትረሱ።
2. ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ሲከፈት «ፐርፎርማንስ»፣ ከዚያ «ሲፒዩ» ግቡ። «ኮርስ» እና «ሎጂካል ፕሮሰሰርስ» የሚሉትን ሁለት ቁጥሮች ጻፉ። የመጀመሪያው የኮር ብዛት፣ ሁለተኛው የትሬድ ብዛት ነው።
3. ሲፒዩ-ዚን ከፍላሹ ክፈቱ። እዚያ ያለው ስም በ1 ከጻፋችሁት ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ።

ሦስቱንም የምታዩት ዊንዶውስ የሚያሳየው የፕሮሰሰር ስም በቀላሉ ሊቀየር ስለሚችል ነው። ኮር አይ5 የሆነን ማሽን አይ7 ብሎ እንዲያሳይ ማድረግ ደቂቃ አይፈጅም። የኮርና የትሬድ ብዛት ግን ከስሙ ጋር አብሮ አይቀየርም። ስሙ 4 ኮር አለው የሚባል ፕሮሰሰር ሆኖ ታስክ ማናጀር 2 ካሳየ ስሙ ውሸት ሊሆን ይችላል።

ጥርጣሬ ካለ ማሽኑን አጥፍታችሁ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ የራሱ ማስተካከያ ገጽ) ግቡ። ሌኖቮ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ1፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ10፣ ዴል ላይ ኤፍ2 ቁልፍን ልክ እንደበራ ደጋግሞ መጫን ነው። ባዮስ የሚያሳየውን እመኑ። በዚሁ አጋጣሚ ባዮሱ የይለፍ ቃል ከጠየቀ ቆም በሉ፤ ሻጩ ከፊታችሁ ካልከፈተው ማሽኑን አትግዙ። ከውጭ መሥሪያ ቤት የወጡ ላፕቶፖች አንዳንዴ ከነቁልፋቸው ይመጣሉ፤ በኋላ ማስከፈት አስቸጋሪ ነው።

የእጅ መደገፊያው ላይ የተለጠፈውን ስቲከር ከቁጥር አታስገቡት። ስቲከር ለብቻው ይሸጣል።

ስሙ በቁጥር ፋንታ «0000» የሚል ከሆነ ለገበያ ያልተመረተ የሙከራ ፕሮሰሰር ነው። ስለ ፍጥነቱም ስለ ጤንነቱም ምንም መተማመኛ የለም፤ ወደሚቀጥለው ማሽን እለፉ።

ደረጃ 2፦ ጀነሬሽኑን ከቁጥሩ አንብቡ

በኢንቴል ኮር ፕሮሰሰሮች ጀነሬሽኑ ከሰረዙ በኋላ ያለው የመጀመሪያ አሃዝ ነው። 2520ኤም 2ኛ ነው፣ 4300ዩ 4ኛ ነው፣ 8250ዩ 8ኛ ነው። ሦስት አሃዝ ብቻ ካለው፣ ለምሳሌ አይ5-520ኤም፣ 1ኛ ጀነሬሽን ነው፤ ዛሬ በነጻ ካልሆነ አይወሰድም።

ሰው የሚሳሳተው 10ኛው ላይ ነው። አይ5-10210ዩ 10ኛ መሆኑ ግልጽ ነው። አይ5-1035ጂ1ም 10ኛ ነው፤ አይ3-1115ጂ4 ደግሞ 11ኛ ነው። ቁጥሩ በ10 ወይም በ11 ከጀመረና ከኋላው ጂ ካለው ሁለቱን አሃዝ አንድ ላይ አንብቡ።

ደረጃ 3፦ የመጨረሻዋን ፊደል አትዝለሉ

ከጀነሬሽኑ እኩል የምትወስነው ይህች ፊደል ናት፤ አብዛኛው ሰው የሚዘላትም እሷን ነው። የምትነግረን ፕሮሰሰሩ ምን ያህል ኃይል እንዲጠቀም እንደተሠራ ነው፤ ኃይሉ ደግሞ ፍጥነቱን ይዞ መቆየት መቻሉን ይወስናል።

- ዩ፦ 15 ዋት። ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ያለው ይህ ነው። ባትሪ ይቆጥባል። እስከ 7ኛ ጀነሬሽን ድረስ ዩ የሚል አይ5ም አይ7ም ሁለት ኮር ነው።
- ኤም፦ 35 ወይም 37 ዋት፣ እስከ 4ኛ ጀነሬሽን የነበረ። ሁለት ኮር ነው፤ ግን ከዘመኑ ዩ በፍጥነት ይበልጣል፣ ይሞቃል፣ ባትሪም ይጨርሳል።
- ኪውኤም፣ ኤምኪው፣ ኤችኪው፦ አራት ኮር፣ ብዙዎቹ 45 ወይም 47 ዋት። ወፍራምና ከባድ ማሽን ውስጥ ነው የሚገኘው።
- ኤች፦ ከ8ኛ ወዲህ የኤችኪው ምትክ።
- ዋይ፦ 5 ዋት አካባቢ። ፋን የሌላቸው በጣም ቀጫጭን ማሽኖች ላይ ይገባል።

ዋይን ለይቼ ላስጠነቅቅ። አይ5-7ዋይ54 ስሙ አይ5 ነው፣ 7ኛ ጀነሬሽን ነው፣ ከፍተኛ ፍጥነቱም 3.2 ጊጋኸርዝ ተብሎ ተጽፏል። ያንን ፍጥነት የሚይዘው ግን ለአጭር ጊዜ ነው፤ መነሻው 1.2 ነው። አይ5-8200ዋይም እንዲሁ 8ኛ ጀነሬሽን ተብሎ ይሸጣል፤ ሁለት ኮር ብቻ አለው። መሐሉ ወይም መጨረሻው ላይ ዋይ ያለበትን ቁጥር ጽሑፍ ለመጻፍና ኢንተርኔት ለማየት ካልሆነ አትውሰዱ።

ደረጃ 4፦ ወረቀት ላይ አስተያዩ

በየሱቁ ደጋግመው የሚገጥሙን እነዚህ ናቸው። ቅደም ተከተሉ ኮር፣ ትሬድ፣ መነሻና ከፍተኛ ፍጥነት በጊጋኸርዝ፣ ዋት ነው።

- አይ5-2520ኤም፦ 2፣ 4፣ 2.5–3.2፣ 35 ዋት
- አይ5-3320ኤም፦ 2፣ 4፣ 2.6–3.3፣ 35 ዋት
- አይ5-4300ዩ፦ 2፣ 4፣ 1.9–2.9፣ 15 ዋት
- አይ5-5300ዩ፦ 2፣ 4፣ 2.3–2.9፣ 15 ዋት
- አይ5-6300ዩ፦ 2፣ 4፣ 2.4–3.0፣ 15 ዋት
- አይ7-6600ዩ፦ 2፣ 4፣ 2.6–3.4፣ 15 ዋት
- አይ5-6300ኤችኪው፦ 4፣ 4፣ 2.3–3.2፣ 45 ዋት
- አይ5-7200ዩ፦ 2፣ 4፣ 2.5–3.1፣ 15 ዋት
- አይ7-7500ዩ፦ 2፣ 4፣ 2.7–3.5፣ 15 ዋት
- አይ3-8130ዩ፦ 2፣ 4፣ 2.2–3.4፣ 15 ዋት
- አይ5-8250ዩ፦ 4፣ 8፣ 1.6–3.4፣ 15 ዋት
- አይ5-8350ዩ፦ 4፣ 8፣ 1.7–3.6፣ 15 ዋት

ሁለት ማሽን ስታወዳድሩ በዚህ ቅደም ተከተል ጠይቁ።

ሀ. የኮር ብዛታቸው እኩል ነው? ካልሆነ፣ እና ሥራችሁ ቪዲዮ፣ ሬንደር (ያለቀውን ምስል ወይም ቪዲዮ ማውጣት) ወይም ብዙ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ ከሆነ፣ ኮር የሚበዛውን ያዙ። አይ5-6300ኤችኪው ከአይ7-6600ዩ ጋር ጀነሬሽኑ አንድ ነው፤ ሬንደር ላይ ግን አይ5ቱ በሰፊው ይበልጣል። ስሙ ሲያንስ ኮሩ እጥፍ ነው።

ለ. ኮራቸው እኩል ከሆነ ጀነሬሽናቸው ምን ያህል ይራራቃል? አንድ ጀነሬሽን ብቻ ከሆነ በተለመደ ሥራ ልዩነቱ አይሰማችሁም። አይ5-6300ዩን ትታችሁ ለአይ5-7200ዩ ብዙ ብር አትጨምሩ።

ሐ. ከፍተኛ ፍጥነታቸው ስንት ነው? ይህን የምትጠይቁት በመጨረሻ ነው። ጊጋኸርዝ የሚነጻጸረው በአንድ ጀነሬሽን ውስጥ ነው። አይ5-3320ኤም 3.3 ይላል፣ አይ5-5300ዩ 2.9 ይላል፤ ሥራ ላይ ግን ተቀራራቢ ናቸው፣ አዲሱ በእያንዳንዱ ዑደት የበለጠ ስለሚሠራ። አዲሱ ይህን የሚያደርገው ከግማሽ ባነሰ ዋት ነው። መብራት በሚጠፋበት ቀን ልዩነቱን ባትሪያችሁ ያሳያችኋል።

ትልቁ ዝላይ ያለው በ7ኛና በ8ኛ መካከል ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው 8ኛ ጀነሬሽን ዩ የሚሉትን አይ5ና አይ7 ወደ አራት ኮር አሳደጋቸው። ብር የምትጨምሩ ከሆነ እዚህ ላይ ጨምሩ። አይ3-8130ዩ ግን ከዚህ ዝላይ ውስጥ የለም፤ «8ኛ ጀነሬሽን» ተብሎ ቢቀርብም ሁለት ኮር ነው፤ ከአይ5-7200ዩ ጋር ነው የሚመደበው።

ኢንተርኔት ካላችሁ የፕሮሰሰሮችን የፈተና ነጥብ የሚያወጣው ፓስማርክ የሚባለው ገጽ ላይ ሁለቱን ቁጥሮች ፈልጉ። አይ5-6300ዩ ጠቅላላ ነጥቡ 3,000 አካባቢ፣ አይ5-8250ዩ 6,000 አካባቢ ታገኙታላችሁ። ጠቅላላ ነጥቡን ብቻ አትዩ፤ «ሲንግል ትሬድ» የሚለውንም ጻፉ። ዎርድ፣ ፒችትሪ፣ ብራውዘርና አብዛኛው የአውቶካድ ሥራ የሚሮጡት በሱ ነው፤ በሱ ደግሞ የሁለቱ ልዩነት ጠባብ ነው። ጽሑፍና ሒሳብ ብቻ ለሚሠራ ሰው እጥፍ ነጥብ እጥፍ ፍጥነት አይሆንለትም።

ደረጃ 5፦ ኤኤምዲ ወይም ሴሌሮን ከሆነ

ኤኤምዲ ራይዘን 5 2500ዩና 3500ዩ አራት ኮርና ስምንት ትሬድ አላቸው፤ ከአይ5-8250ዩ ጎን ይቆማሉ፤ ግራፊክሳቸውም ከኢንቴሉ ይሻላል። ራይዘን 3 3200ዩ ሁለት ኮር ነው፤ ከ3500ዩ ጋር አታምታቱት። የራይዘንን የመጀመሪያ አሃዝ ከኢንቴል ጀነሬሽን ጋር አታስተያዩ፤ ራይዘን 3000 ማለት የኢንቴል 3ኛ ማለት አይደለም።

ኤ4፣ ኤ6፣ ኤ9 ከሚሉት ብዙዎቹ፣ ለምሳሌ ኤ6-9225ና ኤ9-9425፣ ሁለት ኮር ያላቸው ደካማ ናቸው። ፍጥነታቸው 3 ጊጋኸርዝና ከዚያ በላይ ተጽፎ ስለሚታይ ያታልላሉ።

ኢንቴል ሴሌሮንና ፔንቲየም ኤን በሚል ፊደል የሚጀምር ቁጥር ካላቸው (ኤን3060፣ ኤን4000፣ ኤን5000) 6 ዋት የሚጠቀሙ፣ ለቀላል ሥራ የተሠሩ ናቸው። ማሽኑ አዲስ፣ ካርቶኑም ያልተከፈተ ሊሆን ይችላል። እንዲያም ሆኖ ያገለገለ አይ5-6300ዩ ኤን4000ን ያለ ጥርጥር ይበልጣል። አዲስ ነው ብለው ለልጃቸው ለዩኒቨርሲቲ የሚገዙ ወላጆች በብዛት የሚጎዱት እዚህ ላይ ስለሆነ ጎረቤት ሲጠይቃችሁ ይህን ንገሩት።

ደረጃ 6፦ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የሚመጣውን እዩ

*ግራፊክስ።* ብዙዎቹ ማሽኖች ለብቻው ካርድ የላቸውም፤ ሥዕሉን የሚሠራው ፕሮሰሰሩ ራሱ ነው። 2ኛ ጀነሬሽን ላይ ያለው ኤችዲ 3000 ዳይሬክትኤክስ 11ን አይችልም፤ አዳዲስ አውቶካድ ደግሞ ይፈልገዋል። ስለዚህ የሲቪልና የአርክቴክቸር ተማሪ 2ኛ ጀነሬሽንን ከዝርዝሩ ያውጣ።

*ቪዲዮ።* አዳዲስ ስልኮች ብዙ ጊዜ የሚቀርጹት ኤችኢቪሲ በሚባለው አጨማመቅ ነው። 6ኛ ጀነሬሽን ይህን በራሱ ሃርድዌር ይፈታል፤ 7ኛው 10 ቢት የሆነውንም፣ ዩቲዩብ የሚጠቀምበትን ቪፒ9ንም ይጨምራል። 4ኛና 5ኛ ላይ ያው ቪዲዮ ፕሮሰሰሩን በጣም ሊያስይዘው ይችላል፤ ሊቆራረጥም ይችላል። ይህን ሱቅ ውስጥ ለማየት ያመጣችሁትን የስልክ ቪዲዮ አጫውታችሁ ታስክ ማናጀሩን ተመልከቱ።

*ዊንዶውስ።* ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11ን በይፋ የሚቀበሉት በጥቅሉ የኢንቴል 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ ናቸው፤ ከራይዘን 3500ዩም ይቀበላል። 6ኛ ላይ ዊንዶውስ 11 ተጭኖ ካያችሁት በአቋራጭ የተጫነ ነው፤ ይሠራል፣ ግን ትልልቅ ዝማኔዎች ላይ ሊያስቸግር ይችላል። ይህን ዋጋ ስትደራደሩ አንሱት።

*ራም።* ታስክ ማናጀር ላይ «ሜሞሪ» ውስጥ ስንት ቦታ እንደተያዘ ይጽፋል። 8 ጊጋ በአንድ ቺፕ ካለው ይልቅ በሁለት የተከፈለ 4ና 4 ለፕሮሰሰሩ ግራፊክስ ይሻላል፤ መንገዱ ሁለት ስለሚሆን። ሁለት ማሽን ስትፈትኑ የአንዱ ራም በአንድ፣ የሌላው በሁለት ቺፕ ከሆነ ውጤቱን ስታነቡ ይህን አስቡ።

ደረጃ 7፦ የ15 ደቂቃው ፈተና

እስከዚህ ድረስ ያወዳደራችሁት የወረቀቱን ፕሮሰሰር ነው። አሁን ፊታችሁ ያለውን። ለዓመታት አቧራ የበላ፣ ቴርማል ፔስቱ (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው) የደረቀ 8ኛ ጀነሬሽን በደንብ ከተያዘ 6ኛ ሊያንስ ይችላል።

1. ቻርጀሩን ሰኩ። በባትሪ የተወሰደ ውጤት ከቻርጀር ውጤት ጋር አይወዳደርም፤ ብዙ ማሽኖች በባትሪ ሲሠሩ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ።
2. ማሽኑን አስነስታችሁ 10 ደቂቃ ጠብቁ፤ ይህ ከ15ቱ ደቂቃ ውጪ ነው። ታስክ ማናጀር ላይ የሲፒዩ አጠቃቀም ከ10 በመቶ በታች እስኪወርድ አትጀምሩ። ዝማኔ እያወረደ ያለ ማሽን ሁልጊዜ ደካማ ይመስላል።
3. የኃይል አጠቃቀሙን «ቤስት ፐርፎርማንስ» ላይ አድርጉ።
4. ላፕቶፑን ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። ጨርቅ ላይ ወይም ካርቶን ላይ ከሆነ የታችኛው አየር ማስገቢያ ይደፈናል።
5. ሲፒዩ-ዚ ውስጥ «ቤንች» ገብታችሁ «ቤንች ሲፒዩ» ተጫኑ። ሁለቱንም ነጥቦች፣ የአንድ ትሬዱንና የብዙውን፣ ጻፉ።
6. የሙቀት መለኪያውን ክፈቱ። ከዚያ «ስትረስ ሲፒዩ» ተጫኑና ሰዓት ያዙ።
7. ታስክ ማናጀር ላይ «ስፒድ» የሚለውን በ1ኛው፣ በ5ኛውና በ10ኛው ደቂቃ ጻፉ። ከሙቀቱ ጋር።
8. አቁሙት። ወዲያው ቤንቹን ድገሙት። ሁለተኛው ውጤት ከመጀመሪያው በጥቂቱ ቢያንስ የተለመደ ነው፤ በሩብ ካነሰ ማሽኑ ሙቀቱን ማስወጣት አቅቶታል።

*ውጤቱን ማንበብ።* ዩ የሚሉት በመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ገደማ ከፍ ብለው ይሮጡና ዝቅ ይላሉ፤ ይህ ብልሽት ሳይሆን 15 ዋቱን ለመጠበቅ ነው። አይ5-8250ዩ ከ10 ደቂቃ በኋላ 2 ጊጋኸርዝና ከዚያ በላይ ከያዘ ደህና ነው። መለኪያችሁ በደረጃ 4 ያለው መነሻ ፍጥነት ይሁን፤ ከዚያ በታች ከወረደ ችግር አለ። ሙቀቱ ከ70 እስከ 90 ዲግሪ ቢሆን አትደንግጡ። 95 አልፎ ፍጥነቱም አብሮ ከወረደ ማጽዳት ይፈልጋል።

*ደሴ ላይ ለምትፈትኑ።* ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጠዋት የሱቁ ውስጥ ብርድ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ቆቦና ባቲ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ያሉና ሞቃት ናቸው። የአካባቢው ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲጨምር የፕሮሰሰሩም በአንድ ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ደሴ ብርድ ላይ 88 ያሳየ ማሽን ቆቦ ላይ ከሰዓት በኋላ 100 ይነካል፤ ያኔ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ማሽኑ ቆላ የሚሄድ ከሆነ ደሴ ላይ ከ80 ያልበለጠውን ምረጡ። በደጋው ያለው ሳሳ ያለ አየር ደግሞ በራሱ ፋኑን ያዳክመዋል፤ ስለዚህ ደሴ ላይ ፋኑ ቢጮህ ብቻውን ምልክት አይደለም፣ ቁጥሩን እዩ።

ደረጃ 8፦ ሲበላሽባችሁ

ፍጥነቱ 0.8 ወይም ከዚያ በታች ላይ ተቸንክሮ ከቀረ። ብዙ ጊዜ ፕሮሰሰሩ ደህና ነው። መጀመሪያ ቻርጀሩን ጠርጥሩ። በተለይ ዴል ላይ ማሽኑ ቻርጀሩን ካላወቀው ፍጥነቱን ሆን ብሎ ያፍነዋል፤ ሲበራም ማስጠንቀቂያ ያሳያል። ዋቱ ትክክል የሆነ የራሱን ቻርጀር አስመጥታችሁ ድገሙ። ካልተስተካከለ ባትሪው ወይም ሴንሰሩ ነው፤ ሻጩ አስተካክሎ እስኪያሳያችሁ አትክፈሉ።

በፈተናው መሐል ድንገት ከጠፋ። አቁሙ። ፋኑ ይዞር እንደሆነ በጆሯችሁ አዳምጡ። የማይዞር ከሆነ ፋን መቀየር ነው። እየዞረ ከጠፋ ቦርዱ ላይ ችግር ሊኖር ስለሚችል ተዉት።

ሙቀቱ በ30 ሰከንድ ውስጥ 95 ከደረሰ። ፔስቱ ደርቋል ወይም ማቀዝቀዣው አልተቀመጠም። ሊጠገን የሚችል ነው። የምታስጠግኑት እናንተ ከሆናችሁ ባለሙያው እንዲህ ማድረጉን ተከታተሉ፦ ከሁሉ በፊት የባትሪውን ገመድ ይንቀል፤ አቧራውን ሲነፋ የፋኑን ክንፍ በጣቱ ይያዝ፣ በነፋስ ኃይል ቢሽከረከር ሊጎዳ ስለሚችል፤ የድሮውን ፔስት በአልኮልና በለስላሳ ጨርቅ ይጥረግ፣ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፤ አዲሱን የስንዴ ቅንጣት በሚያህል መጠን ያድርግ፤ ብሎኖቹን ማቀዝቀዣው ላይ በተጻፈው ቁጥር ቅደም ተከተል፣ በመስቀለኛ፣ ጥቂት በጥቂት ያጥብቅ። አንዱን ብሎን እስከ መጨረሻ አጥብቆ ወደ ሌላው ከሄደ ማቀዝቀዣው ያጋድላል፤ ሙቀቱም ይመለሳል።

ነጥቡ ኢንተርኔት ላይ ካለው በጣም ካነሰ፣ ሙቀቱ ግን ደህና ከሆነ። ደረጃ 7 ላይ ቁጥር 2ንና 3ን ድገሙ። ከዚያ የኮር ብዛቱን እንደገና ተመልከቱ፤ ባዮስ ውስጥ ኮር ወይም ሃይፐር ትሬዲንግ (አንዱን ኮር ሁለት ትሬድ የሚያደርገው) ተዘግቶ ሊሆን ይችላል።

ዊንዶውስ ከሌለው። ኡቡንቱ (በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራ ነጻ ሲስተም) የተዘጋጀበት ፍላሽ ማሽኑ ላይ ሳይጫን ይነሳል። ተርሚናል ከፍታችሁ ኤል-ኤስ-ሲ-ፒ-ዩ የሚሉትን አምስት የእንግሊዝኛ ፊደላት በትንንሹ፣ ያለ ክፍተት ጻፉ፤ ስሙን፣ ኮሩንና ትሬዱን ይዘረዝራል።

መብራት ከጠፋ። በባትሪ እንድትፈትኑ ቢሏችሁ ደረጃ 1 ብቻ ነው የሚሠራው። የቀረውን ለሌላ ጊዜ አሳድሩት። «ውሰደውና ካልሆነህ ትመልሳለህ» ከተባላችሁ ሙሉውን ቁጥርና የመመለሻውን ቀን ደረሰኙ ላይ አጽፉ።

ደረጃ 9፦ እንደ ሥራችሁ ቁረጡ

ለጽሑፍ፣ ለሒሳብ፣ ለትምህርት፣ ለፎቶኮፒና ጽሕፈት ቤት፦ አይ5-6300ዩ ወይም አይ5-7200ዩ፣ 8 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማከማቻ) ይበቃል። ሃርድ ዲስክ ያለው 8ኛ ጀነሬሽን ከመግዛት ኤስኤስዲ ያለው 6ኛ ይሻላል፤ በዚህ ሥራ ላይ የምትጠብቁት አብዛኛው ጊዜ የዲስክ ነው።

ለአውቶካድ፣ ለኢታብስ፣ ለፕሮግራሚንግ፦ አይ5-8250ዩና ከዚያ በላይ፣ ወይም ራይዘን 5 3500ዩ። ማሽኑ ከጠረጴዛ የማይነሳ ከሆነ አይ5-6300ኤችኪውም ያዋጣል።

ለቪዲዮ ኤዲቲንግ፦ አራት ኮር የግድ ነው፤ ከ6ኛ በታች አትውረዱ፣ ከ8ኛ ብትጀምሩ ይመረጣል። በደረጃ 7 በ10ኛው ደቂቃ የጻፋችሁትን ፍጥነት ከሁሉ አስቀድሙ፤ የሰርግ ቪዲዮ ኤክስፖርት ሰዓታት ሲፈጅ የመጀመሪያው ደቂቃ ፍጥነት ዋጋ የለውም።

ሁለቱ ማሽኖች በሁሉም እኩል ከወጡ ጀርባቸው ተከፍቶ ራም መጨመሪያ ቦታ ያለውን ውሰዱ። አንዳንዶቹ ላይ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ ዛሬ ያለው 4 ወይም 8 ጊጋ እስከ መጨረሻው ያው ነው።